ጠላውን ያበላሸው የሰው ዓይን ነው ወይስ ሙቀት?

«ጠላ» የሚለውን ቃል ስታዩ «ኤጭ! ይኼ የእናቶቻችን ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ እጃችሁን ሳትሰዱ አልቀራችሁም። እስቲ አንድ ጊዜ ታገሱኝ! ከእናንተ መሃል የእህቱ ሠርግ የደረሰበት፣ ማኅበር የገባች፣ የመጀመሪያ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ሽር ጉድ የምትል፣ ለፋሲካ ዘመድ አዝማዱን የጠራ የለም? አለ እንጂ! ቢራው በሳጥን ይገዛል። ለስላሳውም ይገዛል። ጠላው ግን ዛሬም ከቤት ነው የሚጠበቀው። ያውም «የማን እጅ ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ነው የሚጠጣው። ጥሩ የሆነ እንደሆነ ምስጋናው ለጠማቂዋ ነው። የሆመጠጠ እንደሆነ ግን ጣት መቀሰር ይጀመራል።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ጣት ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሁለት ሴቶችን ያኮራረፈ፣ አንዷን «ዓይነ ክፉ» እስከማስባል ያደረሰ የጠላ ጣጣ ሰምቻለሁ፤ ገብቼም አይቻለሁ። የጉዱ ሁሉ መነሻ ሙቀት ነበር። ሙቀት ብቻ! እንዲህ ያለው ነገር በስንቱ ግቢ እንዳለ እግዜር ይወቀው ብዬ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

የመንዝ ቀንና የአዲስ አበባ ቀን

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ ወደ ሰሜን ሸዋ ብቅ እንበል። መንዝን ድሮም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ብለው ነው የሚከፍሉት። ብዙው ክፍሉ ደጋ ነው፤ ከደጋም አልፎ ውርጭ የሚባለው ዓይነት ነው። የጌራ ምድር ከተማ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ነች። ከዚያ ወጣ ብሎ ያለው የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ አለው። የግሼም ደጋ ቢሆን በብርድ አይታማም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን የጣለው ውርጭ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የመንዝ ሰው ከበግ ፀጉር በርኖሱን፣ ባናውንና ዝተቱን የሠራው ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ብርድ አስተምሮት ነው!

እህሉ ገብስ ነው። ጠላውም የገብስ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መርሐቤቴ እንሻገር። ዓለም ከተማ 2,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ከዚያ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ቆላው ይመጣል፤ ገብሱ ቀርቶ ማሽላ ይተካል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ እነዚህ አገሮች በአንድ ዞን ውስጥ ያሉ ናቸው። ሁሉም ጌሾ ይወቅጣል፣ ሁሉም ብቅል ያበቅላል፣ ሁሉም ጋን ያጥናል። የጠላው መድረሻ ቀን ግን አንድ አይደለም። ደጋው ላይ ሲንቀረፈፍ የሚሰነብት ድፍድፍ ቆላ ላይ ቶሎ ይደርሳል። ቶሎም ይሆመጥጣል።

አዲስ አበባ አብዛኛው ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው። «ታዲያ ይኼም ደጋ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ከተማው ደጋ ሊሆን ይችላል፤ የእናንተ ቤት ግን ደጋ ላይሆን ይችላል! የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው፣ ምዕራብ የሚያይ አንድ ክፍል ቤት በየካቲትና በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል የተከራየ ያውቀዋል። ጀማ ሸለቆ ነው! ሌሊት ደግሞ ያው ቤት ይበርዳል። በአንድ ቀን ውስጥ ቆላም ደጋም ይሆናል ማለት ነው።

እንግዲህ እናት ከመንዝ በስልክ «በሦስተኛው ቀን ብቅሉን ጨምሪ፣ በዚህን ያህል ቀን እንኩሮውን፣ በዚህን ያህል ቀን ውሃውን» ስትል የምትቆጥረው የመንዝን ቀን ነው። ያ ቀን ብርድ አለበት። ልጅ አዲስ አበባ ሆና ያንኑ ቀን ስትቆጥር ጠላው ቀድሟት ሄዷል። የእናት ምክር ልክ ነው፤ የልጅም ልፋት ልክ ነው። ልክ ያልሆነው ቀኑ ነው።

የእማማ እጅ

መሐል ሜዳ አካባቢ አንድ ገበሬ ቤት አርፌ ሳለሁ የቤቱ እናት ጠላ ሲጠነስሱ አይቻለሁ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሽተው አጠቡት፣ ከደረቀ በኋላ በወይራ ጭስ አጠኑት። የተወቀጠ ጌሾ ከውሃና ከትንሽ ብቅል ጋር ገባ። ይህ ጥንስሱ ነው። ከቀናት በኋላ ቂጣው ተቆራርሶ ከቀሪው ብቅል ጋር ይገባል። ቀጥሎ የተቆላው ገብስ ዱቄት በውሃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ ታምሶ እንኩሮ ይሆንና ይጨመራል። ይኼ ሁሉ ተደፍድፎ ሲሰነብት ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል።

ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እማማ ጋኑን የት እንዳስቀመጡት ታውቃላችሁ? ከምድጃው ክንድ ያህል ራቅ አድርገው፣ ግድግዳውንም ሳያስነኩ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ማታ ማታ ጋኑን በአሮጌ ዝተት ይጠቀልሉታል። ረፋድ ላይ ይገልጡታል። በየሁለት ቀኑም ትንሽ ያዞሩታል፤ አንዱ ጎኑ ብቻ እሳት እንዳይመታው።

«እማማ፣ ስንት ቀን ነው የሚቆጥሩት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምኑን?»

«ጠላው እስኪደርስ።»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኔ ቀን አልቆጥርም። እሱ ራሱ ይነግረኛል» አሉና የእጃቸውን ጀርባ ጋኑ ሆድ ላይ አሳረፉ። ቀጥለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ውስጡ እንደ ዝናብ ካፊያ ትስ… ትስ… ይላል። «ይኸው፣ ገና እየሠራ ነው። ዝም ሲል እደርስበታለሁ።»

እንግዲህ እማማ ቴርሞሜትር የላቸውም። የእጃቸው ጀርባ ግን ቴርሞሜትር ነው፤ ጆሯቸውም ሰዓት ነው። እኛ ከተሜዎቹ ከእሳቸው የወሰድነው የጌሾውን ልክና የቀኑን ቁጥር ነው። እጁንና ጆሮውን እዚያው ትተነው መጣን።

ጉድ የፈላበት ግቢ

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። ባለታሪኳ የመንዝ ልጅ ነች። ዕድሜዋ ከ30 አይበልጥም። አዲስ አበባ መጥታ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ ጠላ እየሸጠች ትተዳደራለች። የምትጠምቀው የእናቷን ጠላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ጠላዋ ሰፈሩን አስጨበጨበ። ደንበኛ ወንበር አጥቶ ቆሞ ይጠጣ ነበር።

የካቲት ሲገባ ግን አንዱ ድፍድፍ ሆመጠጠ። «ያጋጥማል» ብላ ደፋችው። ሁለተኛውም ሆመጠጠ። በሦስተኛው የቤት ኪራይ ቀረ። ለብቅልና ለጌሾ የተበደረችው ገንዘብም አብሮ ተደፋ። ይኼኔ ነው ወሬው የመጣው። ጎረቤቷ ሁለተኛው ድፍድፍ ክፍት በነበረበት ቀን ወንፊት ልትዋስ ገብታ ነበር። «እንዴት ያምራል!» ብላለች አሉ። በቃ! አንዲት የዘመድ አዋቂ ነገሩን ሰምታ «ታዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? ዓይን ነዋ!» ብላ ፈረደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። የጋራ ቡናው ቀረ። ልጆች አብረው እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ያቺ ጎረቤት በግቢው ስታልፍ በር ይዘጋል። በአገራችን «ቡዳ» የሚለው ቃል ስንቱን ባለእጅ፣ ስንቱን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ከሰው እንዳራቀ የምታውቁት ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ያ ቃል በአንድ በርሜል ጠላ ሰበብ እንደገና ተነሳ።

አንድ የጋራ ወዳጃችን ናት እኔን ወደዚያ ግቢ የወሰደችኝ። ዓይን የሚያባርር ነገር ይዤ አልሄድኩም። የያዝኩት ከመደብር የተገዛ የምግብ ቴርሞሜትር ነበር። አራተኛው ድፍድፍ ሦስት ቀኑ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ክፍሉን ለካሁት፤ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ድፍድፉን ለካሁት፤ 33 ዲግሪ! በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ክፍሉ 17 ዲግሪ ወርዶ ነበር። ድፍድፉ ግን ገና 25 ላይ ነው።

ነገሩን አንድ በአንድ ተያየነው። ጋኗ ተሰብሮባት ከጥር ወዲህ የምትጠነስሰው በፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ የቆመው ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ነው። እንኩሮውን ከምጣድ እንዳወጣች ትኩሱን ነው የምትጨምረው፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ጊዜ የላትማ! ደርሶ እንደሆነ ለማየትም በቀን አራት አምስት ጊዜ ክዳኑን ትከፍታለች። ቀኑን የምትቆጥረው ደግሞ እናቷ በነገረቻት ነው።

ወንፊት ልትዋስ የገባችዋ ጎረቤት በዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም።

በርሜሉን ከዚያ ግድግዳ አራቅነው። ጋን ተገዛ። እንኩሮው ቀዘቀዘ። ከሰዓት ከሰዓት እርጥብ ጆንያ ጋኑ ላይ ተደረገ። አምስተኛው ጠላ የኅዳሩን ያህል ባይሆንም የሚጠጣ፣ የሚሸጥም ሆነ። ልጅቷ አንድ ማሰሮ ቀድታ፣ አንዲት ትልቅ ሴት አስከትላ ወደ ጎረቤቷ ይቅርታ ልትጠይቅ ሄደች። ጎረቤትየዋም ይቅር አለች። «ጠላሽ መልካም ነው። የኔን ልጆች የመለስሽበት ቀን ግን አይረሳኝም» አለቻት። በወሩ ቤት ቀየረች።

ጋኑ ውስጥ ማን አለ?

«ሙቀት እንዴት ይህን ሁሉ ያደርጋል?» ላላችሁ፣ እነሆ። ጠላን ጠላ የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነው፤ እርሾ ይባላል። ዳቦና ቢራም የሚሠሩት በዚሁ ዘር ነው። ብቅሉ የገብሱን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾው ስኳሩን ይበላና አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይተፋል። ያ ትስ ትስ የሚለው ድምፅ ጋዙ ነው።

ጋኑ ውስጥ ግን እርሾ ብቻውን አይደለም። አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። አንዱ ወገን እርጎን እርጎ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ትንሽ ሲሆን ለጠላው ለስለስ ያለ ቆምጠጥ ማለትን ይሰጣል፤ ጥሩ ነው። ሲበዛ ግን ያበላሻል። ሌላው ወገን አየር ካገኘ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይረው ነው። ሁለቱም ሙቀት ይወዳሉ። ኮምጣጤ ሠሪው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲደርስ ይፋንናል። የእርጎው ወገን ብዙዎቹ ከ30 በላይም ይመቻቸዋል።

እርሾውም ቢሆን በ30 ዲግሪ ይሠራል። እንዲያውም ይፈጥናል። ችግሩ ሲፈጥን ነው! በጥድፊያ ሲሠራ ጣዕሙ ሻካራ የሆነ ከባድ አልኮል ያበዛል። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ውስጥ ግን ረጋ ብሎ ይሠራል፤ ጣዕሙም ይጠራል። ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፤ አብዛኛው ግን አይሞትም። ሲሞቅለት እንደገና ይነሳል። ከ50 ዲግሪ በላይ ያለው ነገር ካገኘው ግን አለቀለት። ለዚህ ነው ትኩስ እንኩሮ የሚያስፈራው። እርሾውን ትገድሉና ሜዳውን ለባክቴሪያው ትለቁለታላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። የክፍሉን ሙቀት አይታችሁ «22 ነው፣ ደህና ነው» ብትሉ ውስጡ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ዕቃው በተለቀ ቁጥር ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። የሸክላ ጋን ግን ያላበዋል። የማሰሮ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ታውቁ የለ? ውሃው በሸክላው ቀዳዳ እየወጣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጋንም እንደዚያው ነው። ፕላስቲክ አያልበውም።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይምሰላችሁ። ጀርመኖች በባቫሪያ አገር በበጋ የተጠመቀ ቢራ እየተበላሸ ቢያስቸግራቸው፣ በ1553 እ.ኤ.አ. መስፍናቸው ከኤፕሪል 23 እስከ ሴፕቴምበር 29 ድረስ ቢራ እንዳይጠመቅ በሕግ ከለከለ! በክረምት በቀዝቃዛ ዋሻና ምድር ቤት እየጠመቁ ያከማቹት ቢራ ነው ዛሬ «ላገር» የሚባለው፤ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ብርድ የሚሠራው ዓይነት። በ1870ዎቹ ካርል ፎን ሊንደ የሚባለው መሐንዲስ ለሙኒክ ቢራ ጠማቂ የማቀዝቀዣ ማሽን ሠራለትና ነገሩ ተቃለለ። እኛም ዘንድ የመንዝ ጎረቤት በሆነችው ደብረ ብርሃን የተተከሉትን የሐበሻንና የዳሸንን ቢራ ፋብሪካዎች ብታዩ፣ እነዚያ ረጃጅም ጋኖች ቆዳቸው ውስጥ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚዞርባቸው ናቸው።

በሌላ በኩል የኖርዌይ ገበሬዎች ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ላይ ጥሩ ቢራ የሚሠራ የቤት እርሾ አላቸው። ከትውልድ ወደ ትውልድ እየመረጡ፣ እያደረቁ ያቆዩት ነው። ስለዚህ ሙቀት ሁሉ ጠላት ነው አልላችሁም። እርሾ የለመደው አገር አለው ነው የምለው። የብርድ አገር አጠማመቅ ይዛችሁ ሙቀት ውስጥ ስትገቡ ጠንቀቅ በሉ ነው ነገሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቴርሞሜትር ግዙ። የአንድ ድፍድፍ ኪሳራ ስንት ቴርሞሜትር እንደሚገዛ እናንተው አስሉት። ልክ መሆኑን መፈተን ከፈለጋችሁ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ግን 100 ዲግሪ አትጠብቁ! በከፍታ ቦታ ውሃ ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚያሳየው፤ መሐል ሜዳ ላይ 90 አካባቢ። በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ግን የትም ቦታ 0 ነው። ድፍድፍ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ደግሞ በንጹሕ እጠቡት።

ቦታ ምረጡ። ከመጠንሰሳችሁ በፊት ባለው ቀን ንጋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የቤቱን ማዕዘኖች ለኩ። የምትፈልጉት በጣም ቀዝቃዛውን ማዕዘን ሳይሆን በሁለቱ ሰዓት መካከል ልዩነቱ ትንሽ የሆነውን ነው። ብዙ ጊዜ እሱ የውስጠኛው ግድግዳ ሥር ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ አታውጡት፤ መታጠቢያ ቤት ወይም ጥላ ያለው ኮሪደር ይሻላል። ሲሚንቶው ወለል በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ ከጋኑ ሥር ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ አድርጉ።

እንኩሮውን አቀዝቅዙ። ሰፌድ ወይም ንጹሕ ሸራ ላይ ዘርጉትና እጃችሁን ጨምሩበት። «ለብ ብሏል» ከሚባለው በላይ ከሆነ ገና ነው። ለመቀዝቀዝ የሚፈጀው ሰዓት የሚያስቸኩል መስሏችሁ ከነትኩሱ ብትጨምሩ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሆንባችኋል።

በሙቀት ወራት እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ጆንያውን ውሃ ነክራችሁ ጋኑ ላይ ጠቅልሉ፤ ጫፉን ሥሩ ባለ ሳፋ ውሃ ውስጥ አስገቡት። ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ጥቂት ዲግሪ ያወርድላችኋል። በክረምት ግን አየሩ እርጥበት ስላለው እምብዛም አይሠራም። ፕላስቲክ በርሜልም ቢሆን በዚህ ዘዴ ትንሽ ይበርድለታል። ሌላ መላ ሲታጣ የታሸገ ውሃ ፕላስቲክ በረዶ አድርጋችሁ ከበርሜሉ ጎን ማቆም ይቻላል።

በብርድ ወራት አልብሱት እንጂ አታቃጥሉት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ልብስ ይበቃዋል። ዝተት ያላችሁማ ምን ጎደላችሁ! ምድጃ ላይ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ የምታስጠጉት ከሆነ አንድ ጎኑ ብቻ ይግልና ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ይሆናል። ከዘገየ አትደንግጡ። የዘገየ ጠላ ይደርሳል፤ የሆመጠጠ ጠላ ግን አይመለስም።

ቀን አትቁጠሩ፤ ጠይቁት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ከሆነ የእናታችሁ ቀን ሊሠራ ይችላል። 27 ከሆነ ቀኑን አሳጥሩት። እንዴት? አረፋው ሲወርድ፣ ድምፁ ሲቀንስ፣ ድፍድፉ ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ጠፍቶ መረር ሲል ለሚቀጥለው ደረጃ ደርሷል። ለመቅመስ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በንጹሕ ማንኪያ፣ ወዲያው ክድን። አየር ባስገባችሁ ቁጥር ለኮምጣጤ ሠሪው በር እየከፈታችሁለት ነው።

የምትጠምቁትን ጻፉ። ቀኑን፣ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ሙቀት፣ መቼ ምን እንደጨመራችሁ። በሦስተኛው ጠላ የራሳችሁ ቤት ቀን ይወጣላችኋል። ያኔ እናታችሁ ስትደውል «እማዬ፣ እዚህ በአራት ቀን ነው የሚሆነው» ትሏታላችሁ። አትቆጣችሁም። እሷም ቆላ ብትወርድ እንደዚያው ነበር የምታደርገው።

ከቀን ሥራ የማያገናኛችሁ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ይኼው ነው ነገሩ። ቤታችሁ ዓመቱን ሙሉ 21 ዲግሪ ላይ የሚቆይ ከሆነ ከሁላችንም ዕድለኞች ናችሁ። በሙቀት ወር ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ግን ያው ጀማ ሸለቆ ነው።

እነዚህን ግን ልብ በሉ!

አንደኛ፣ ድፍድፍ ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ አትተኙ! ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖሩ ይህን ደጋግማችሁ አንብቡልኝ። ጠላው ቢዘገይ ይዘግይ!

ሁለተኛ፣ ገና እየፈላ ያለ ጠላ ጄሪካን ወይም ጠርሙስ ውስጥ ጨምራችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ። ጋዙ መውጫ ካጣ ጄሪካኑ ያብጣል፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል። በተለይ በሞቃት ቀን በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጭናችሁ ለሠርግ ስትወስዱ ክዳኑን ላላ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ጠላ ቀላል ነው ብላችሁ አትናቁት። ጉሹ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል አለው። ፊልተር የሚባለው 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል፤ ቢራ ማለት ነው። ጠጥቶ መኪና መንዳት በጠላም ያው መንዳት ነው። እርጉዝ የሆነችዋም፣ መድኃኒት ላይ ያለውም «የቤት ነው» ተብሎ አይገደድ።

አራተኛውና የመጨረሻው ስለ ጎረቤት ነው። ጠላ ሲበላሽ ሰው ይናደዳል፤ ልፋት ነው፣ ገንዘብ ነው፣ የእንግዳ ፊት ነው። የተናደደ ሰው ደግሞ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱን ስትፈልጉ ግን መጀመሪያ ጋኑን ዳብሱ። የት ቆሟል? ከምን የተሠራ ነው? ከሰዓት ፀሐይ ያገኘዋል? እንኩሮው ቀዝቅዞ ነበር? ስንቴ ተከፈተ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ሳትመልሱ የሰው ስም አታንሡ። የተደፋ ድፍድፍ በሚቀጥለው ወር ይተካል፤ በሰው ላይ የተለጠፈ ስም ግን በአንድ ማሰሮ ጠላ አይነሳም።

በሉ እንግዲህ፣ ከመጠንሰሳችሁ በፊት የቤታችሁን ማዕዘን ለኩልኝ። ለሚቀጥለው በዓል የጠመቃችሁት ጠላ ለስለስ፣ መረር፣ ወይራ ወይራ የሚል ይሁንላችሁ።

ቸር ይግጠመን።